ናይሮቢ ላይ ሦስት ሲም ገዝቼ አንዱን ወደድኩ

ባለፈው ናይሮቢ የሄድኩት ከእማዬ ጋር ነው። አሥር ቀን ቆየን። በአሥር ቀን ውስጥ ሦስት ሲም ገዛሁ። ግማሹ በራሴ ሞኝነት ነው። ግማሹ ደግሞ ከቤት ስወጣ «ኔት ይኑረኝ እንጂ ሌላው አያሳስበኝም» ብዬ ስለተነሳሁ ነው። ናይሮቢ ላይ ይሄ ሒሳብ አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ ለማወቅ ብር ከፍያለሁ፤ እናንተ በነፃ አንብቡት።

የመጀመሪያው ኢ-ሲም ነበር፤ ካርድ ሳይኖረው ስልክ ላይ የሚጫን ሲም። ማታ ሻንጣ እየሸከፍኩ ዳላስ ያለው ወንድሜ ደወለ። «ምን ሲም ፍለጋ ትንከራተቻለሽ፣ እኔ ከዚህ በካርድ ልክፈልልሽ» አለ። አንድ አፕ ላይ ገብቶ 3 ጊጋ ገዛልኝ። ኪውአር ኮዱ በኢሜይል መጣ። ደስ አለኝ፣ ተኛሁ። ሳልጭነው ተኛሁ ማለቴ ነው። ጥፋቱ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ናይሮቢ ስንደርስ ኢሜይሉን ከፈትኩ። ኮዱ በስልኬ ስክሪን ላይ አለ፤ ኮዱን ማንሳት ያለበትም ያው ስልኬ ነው። ስልክ ራሱን እንዴት ፎቶ ያነሳል? በእጅ የሚጻፍ ረጅም ኮድም አለ፤ እሱን አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ከዚያ «ኢንተርኔት ያስፈልጋል» አለኝ። ኔት ለማግኘት ኔት ይፈልጋል! እማዬ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብላ «አልቆልሻል?» ትላለች በየሁለት ደቂቃው። በመጨረሻ አንድ ካፌ ገብቼ ሻይ አዝዤ በነሱ ዋይፋይ ጫንኩት። የማልጠጣውን ሻይ ከፈልኩ።

ኔቱ እውነት ለመናገር ጥሩ ነበር። ካርታ ይከፍታል፣ ቴሌግራም ይሠራል፣ ታክሲም በአፕ ጠራሁ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ይሄ ዓይነቱ ኢ-ሲም ዳታ ብቻ ነው፣ ስልክ ቁጥር የለውም። ሹፌሩ ሲደውል የሚያገኘው አፑ ላይ የተመዘገበውን የአዲስ አበባ ቁጥሬን ነው፤ እሱ ደግሞ ሮሚንግ የለውም፣ ውጭ አገር አይሠራም ማለት ነው። እሱ በአንድ በር ቆሟል፣ እኛ በሌላ በር። በጽሑፍ ስንፈላለግ ሃያ ደቂቃ ሄደ። ሲያደርሰን ደግሞ የ1,000 ሽልንግ ኖት አወጣሁ። «መልስ የለኝም፣ ኤም-ፔሳ የለሽም?» አለ። የለኝም። ወርዶ ከአንድ ኪዮስክ ዘርዝሮ መጣ። ፊቱን አየሁት፣ አፈርኩ።

ስለዚህ ስለ ኢ-ሲም ያለኝ ሐሳብ ይሄ ነው። ለሁለት ቀን ስብሰባ የምትሄዱ፣ ሆቴል ከፍሎ የሚያስገባችሁ መሥሪያ ቤት ያላችሁ ከሆነ ይበቃችኋል፤ ግን ቤታችሁ ዋይፋይ ላይ እያላችሁ ጫኑት፣ ስትደርሱ ማብራት ብቻ ይቅራችሁ። ገበያ ለምትወጡ፣ ዘመድ ለምትጠይቁ፣ ሐኪም ቤት ለምትመላለሱ ግን ኪሳችሁ ባዶ እንደሆነ ቁጠሩት።

ኪስ ያልኩት በምክንያት ነው። ናይሮቢ ላይ ሲም ማለት ቦርሳ ነው። ኤም-ፔሳ እዚያ አገር ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። እኛ ቴሌብርን ያወቅነው በ2013 ነው፤ እነሱ በዚያን ጊዜ 14 ዓመት ሲላላኩበት ቆይተዋል። «ፔሳ» በስዋሂሊ ገንዘብ ማለት ነው፤ ኤሟ ሞባይል ናት። ሱፐርማርኬቱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ቦዳ ቦዳ የሚሉት ሞተር፣ መንገድ ዳር ያለች ቲማቲም ሻጭ ሁሉም ቁጥር ለጥፈዋል። ጥሬ ገንዘብ አውጥታችሁ ስትሰጡ የሚቀበሏችሁ አሉ፣ ግን መልስ ፍለጋው ያሰለቻችኋል። ሲም ስትመርጡ ስንት ጊጋ እንደሚሰጥ ከመጠየቃችሁ በፊት በስሜ ኤም-ፔሳ ይከፈትልኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛዬን ስገዛ ይሄን አልጠየቅኩም። አክስቴ ኢስሊ የሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ነው የምትኖረው፣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። ወደሷ ስንሄድ አንድ ልጅ ጃንጥላ ዘርግቶ ሲም ይሸጣል። 200 ሽልንግ አለኝ። ፓስፖርት ላወጣ ስል «አያስፈልግም፣ የተመዘገበ ነው፣ አሁኑኑ ይሠራል» አለ። እኔ ደግሞ ወረፋ የማትወድ ሰው ነኝ፣ አገሩ ቀለል ያለ መሰለኝ። ገዛሁ። እውነትም ይሠራል። ደወልኩ፣ ኔት ከፈትኩ፣ በራሴ ኮራሁ።

ማታ አክስቴ «ለመንገድ ለታክሲ 3,000 ሽልንግ ልላክልሽ» አለች። ቁጥሩን ሰጠኋት። ኬንያ ውስጥ ገንዘብ ከመላኩ በፊት የተቀባዩ ስም ስክሪን ላይ ይመጣል፤ ሃኪኪሻ ይሉታል፣ አረጋግጥ እንደማለት ነው። አክስቴ መነጽሯን አወረደች። ስልኩን አራቀችው፣ መልሳ አቀረበችው። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው? አግብተሻል እንዴ?»

የወንድ ስም ነው የመጣው፣ የማላውቀው ሰው። ልጁ የሸጠልኝ ሲም በሌላ ሰው መታወቂያ የወጣ ነበር። ብሩ ቢላክ ኖሮ የሚገባው እኔ ይለፍ ቁጥሩን ወደማላውቀው፣ ልከፍተው ወደማልችለው ቦርሳ ነው። ባለቤቱ አንድ ቀን ሱቅ ሄዶ «ሲሜ ጠፋብኝ» ቢል ደግሞ ቁጥሩ ከነገንዘቡ የሱ ነው። ሕጉም በስማችሁ አስመዝግቡ ነው የሚለው። አክስቴ እየሳቀች ሲሙን አውጥታ በመቀስ ለሁለት ቆረጠችው። 200 ሽልንጌ ምንጣፉ ላይ ወደቀች።

በነጋታው እሷ ራሷ ይዛን ወጣች፣ መሀል ከተማ ወዳለ የሳፋሪኮም ሱቅ። ስለ ሦስተኛው ሲም እንግዲህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ፤ ያመሰገንኩት እሱን ነው።

መጀመሪያ ግን ስሙ ያሳስታል። እማዬ አረንጓዴውን ሰሌዳ ስታይ «ይሄ እኛ ሰፈር ያለው ሳፋሪኮም አይደል? ታዲያ ያንቺ ሲም ለምን አይሠራም?» አለች። ልክ ነች፤ እኔም ቦርሳዬ ውስጥ የኢትዮጵያው ሳፋሪኮም ሲም አለኝ። በ2015 መስከረም መጨረሻ ሥራ ሲጀምር ከወጡት አንዱ ነው። ግን የኢትዮጵያው ሳፋሪኮም ሌላ ኩባንያ ነው፣ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ኔትወርክ። የኢትዮጵያው ኤም-ፔሳም በ2015 ነሐሴ የተጀመረ የብር ቦርሳ ነው። አዲስ አበባ ያስገባችሁት ብር ናይሮቢ በምትከፍቱት ኤም-ፔሳ ውስጥ ቁጭ ብሎ አይጠብቃችሁም። አርማው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ይሄዳል።

ሱቁ ውስጥ ፓስፖርት ዋናውን ጠየቁኝ። ኮፒ አይሆንም። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አሳየኋቸው፣ ራሷን ነቀነቀች ልጅቷ። ሻንጣ ውስጥ ትታችሁ ከሆነ ተመልሳችሁ ትሄዳላችሁ ማለት ነው። ፓስፖርቱን አነሳች፣ የኔንም ፎቶ አነሳች፣ ጥቂት ጥያቄ ጠየቀችኝ። ሲሙ 100 ሽልንግ። «ኤም-ፔሳም አብሬ ልክፈትልሽ?» አለች፣ ባለ አራት አኃዝ ይለፍ ቁጥር በራሴ እጅ አስገባሁ። እሷ ስልኩን መልሳ ፊቷን አዞረች። ደስ የሚል ነገር ነው ይሄ፤ እኛ ጋ ሻጩ ራሱ «ስንት ላድርግልሽ?» ብሎ የሚጽፍላችሁ ስንት ጊዜ ነው! ከገባን ሃያ ደቂቃ አልሞላም።

ለእማዬም ሲምና ኤም-ፔሳ ልናወጣ ስንል ስልኳ ነው ያጓተተን። ሁለት ሲም ይይዛል ይባላል እንጂ ሁለተኛው ቦታ ለሲም ወይም ለሚሞሪ ካርድ ነው፣ አንዱን መምረጥ አለባችሁ። እማዬ ሚሞሪ ካርዷ ላይ መዝሙሮቿ አሉ። የሲሙን መሳቢያ የምታወጣዋ መርፌ እዚያ አልነበረችም፣ እማዬ ጉትቻዋን አወለቀች። በጉትቻዋ ጫፍ ገፋነው። ሚሞሪ ካርዷን ስታይ «መዝሙሮቼን አውጥታችሁ የማንን ሲም ልታስገቡ ነው?» አለች። ልጅቷ አማርኛ አትሰማም፣ ግን ገባት፣ ሳቀች። በመጨረሻ የአዲስ አበባ ሲሟን ልናወጣ ተስማማን። ይሄ ሌላ ስህተት ነበር፣ እመለስበታለሁ።

ስልካችሁ ከአሜሪካ የተላከ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ በሸጠው የስልክ ኩባንያ የተቆለፈ ከሆነ የሌላ አገር ሲም አይቀበልም፤ አዲስ አበባ ውስጥ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሠራበት ችግር የለም። ሁለተኛ፣ በአሜሪካ የሚሸጡት ከአይፎን 14 ወዲህ ያሉት ጭራሽ የሲም ቀዳዳ የላቸውም። እነዚያ ኢ-ሲም ብቻ ነው የሚወስዱት። ኬንያው ሳፋሪኮም ኢ-ሲም ይሰጣል፣ ሱቅ ሄዳችሁ መጠየቅ ነው፤ ያው ቁጥር ያለው፣ ኤም-ፔሳ የሚከፈትበት ነው፣ ወንድሜ ከገዛልኝ ዓይነት አይደለም።

ከሱቁ ወጥተን ሁለት እርምጃ ሳንሄድ አንድ የኤም-ፔሳ ኤጀንት አለ። ጠባብ ቀዳዳ፣ ከፍርግርግ ኋላ አንዲት ሴት። 5,000 ሽልንግ ጥሬ ብር ሰጠኋት። ፓስፖርቴን አይታ ስልኳን ነካ ነካ አደረገች። ቴክስት መጣልኝ፤ ገንዘቡ ገባ። ለማስገባት አይከፈልም። ለማውጣት ነው የሚከፈለው፤ እኔ በነበርኩበት ጊዜ ከ100 በላይ እስከ 2,500 ሽልንግ ድረስ ስታወጡ 29 ሽልንግ ይቆረጥ ነበር። እስከ 100 ሽልንግ ለሰው መላክ በነፃ ነው። ሱቅ ውስጥ በቲል ቁጥር፣ ማለትም ሱቁ በለጠፈው መክፈያ ቁጥር፣ ስትከፍሉም ከናንተ አይቆረጥም። አንድ ዶላር በዚያን ጊዜ ወደ 129 ሽልንግ ስለነበር ሒሳቡን እናንተ ሥሩት።

እማዬ የተማረከችው በቆሎ ሻጭ ላይ ነው። መንገድ ዳር ከሰል ላይ በቆሎ የሚጠብስ ሰውዬ ነው። ካርቶን ላይ በማርከር ቁጥር ጽፎ ግንድ ላይ ሰክቷል። ፖቺ ላ ቢያሻራ ይባላል፣ የንግድ ቦርሳ ማለት ነው፣ ትንንሽ ነጋዴዎች የግል ብራቸውንና የሥራውን የሚለዩበት። እማዬ ሁለት በቆሎ ገዛች። ቁጥሩን እያየች አንድ በአንድ ነካች፣ ስሙ መጣላት፣ «ይሄ ነው ስምህ?» ብላ ስክሪኑን አሳየችው በአማርኛ። ሰውዬው አውራ ጣቱን አነሳላት። ላከች። ከዚያ ቆማ ጠበቀች፤ የሱ ስልክ እስኪጮህ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። ጮኸ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የኔን ቦርሳ አላየችም። ሽንኩርት እንኳ ልግዛ ስል «ቆይ፣ እኔ በስልኬ» ትላለች።

ሲሙን ካወጣችሁ በኋላ የምትሳሳቱበት ብዙ ነው፣ እኔ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የ07 ጉድ ነው። ጓደኛዬ አዲስ አበባ የሳፋሪኮም ቁጥር አላት፣ በ07 ይጀምራል። ስልኬ ላይ ያስቀመጥኩት እንዲሁ በ07 ነው፣ +251 የለውም። ከናይሮቢ ሆኜ ስሟን ነካሁና ደወልኩ። አንድ ወፍራም ድምፅ «ሃሎ? ናኒ?» አለኝ። ማን ነሽ ማለቱ ነው። ዘጋሁ። ደግሜ ደወልኩ፣ ያው ሰውዬ። ለካ የኬንያም ቁጥር በ07 ነው የሚጀምረው! ያንኑ አሥር አኃዝ የያዘ ኬንያዊ አለ፣ እኔም ከእንቅልፉ ሁለት ጊዜ ቀሰቀስኩት። የ09 ቁጥር ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አልሠራም ይለኝ ነበር። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ የምትደውሉላቸውን ቁጥሮች በ+251 አስተካክሉ።

ሁለተኛው የሰዓት ነገር ነው። ዳታ የሚገዛው *544# ላይ ነው፤ ኮከብ 544 መሰላል። ዝርዝሩ ይመጣል፣ ከኤም-ፔሳ ወይም ከሞላችሁት ካርድ መክፈል ትችላላችሁ። የአንድ ሰዓት አለ፣ የሦስት ሰዓት አለ፣ የ24 ሰዓት አለ፣ የሳምንት አለ። ዓይኔ የገባው በ55 ሽልንግ 1.25 ጊጋ የሚለው ነው። ርካሽ! ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ገዛሁ፣ ከወንድሜ ጋር በቪዲዮ እናወራ ብለን። እማዬ ገና ስለ በቆሎው እያወራች ሳለ ምስሉ ቆመ። ለካ የሚያልቀው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ በኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት። ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የነበረኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው፣ ጽሑፉ ላይ በግልጽ አለ፣ እኔ የጊጋውን ቁጥር ብቻ ነው ያነበብኩት። ማታ ማታ ለምታወሩ የ24 ሰዓቱ ይሻላል፤ 1 ጊጋ በ99 ሽልንግ ነበር። ጠዋት ተነስታችሁ ቀኑን ሙሉ ለምትዞሩ ደግሞ የ55ቱን የሚያህል የለም። ዋጋው ይቀያየራል፣ ስትሄዱ ራሳችሁ *544# ነክታችሁ አረጋግጡ።

ካርድ በብዛት አትሙሉ። ፓኬጁ ሲያልቅ ኔቱ ከሞላችሁት ካርድ ላይ ይበላል፣ ያውም በውዱ ዋጋ። እኔ ካርዴን ባዶ አድርጌ ብሩን ኤም-ፔሳ ላይ ነው የማስቀምጠው፣ ሲያስፈልገኝ ከዚያ እገዛለሁ። የፍቅ ካርድ ከገዛችሁ ግን *141* ብላችሁ ቁጥሩን አስገቡና በመሰላል ዝጉት፤ የኛ *805* እዚያ አይሠራም፣ እጃችሁ ስለለመደ ትሳሳታላችሁ። ቀሪ ሒሳብ *144# ነው። ብድርም አለ፣ ኦኮዋ ጃሃዚ ይሉታል። መርከቢቱን አድን ማለት ነው። ለጥቂት ሽልንግ ካርድ መርከብ መስጠም! ስዋሂሊን የወደድኩት በዚህ ነው።

ሦስተኛው የእማዬ የአዲስ አበባ ሲም ነው። አወጣነው አላልኳችሁም? በናፕኪን ጠቅልለን አስቀመጥነው። በአራተኛው ቀን ከባንኳ አፕ ገንዘብ ልታዛውር ፈለገች። ባንኩ ማረጋገጫ ቁጥር በቴክስት ይልካል። ወዴት ይላክ? ናፕኪን ውስጥ! የኢትዮጵያ ሲማችሁን ከስልካችሁ አታውጡ፣ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ያዙ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሮሚንግ አስከፍቱ። የሱን ዳታ ሮሚንግ ግን ስልካችሁ ላይ አጥፉት፣ አለበለዚያ ስትተኙ ቴሌግራም በጓሮ እየከፈተ ይጨርሳችኋል። ዳታው ከኬንያው ሲም ብቻ ይሁን። ዋትስአፕ ደግሞ አዲስ ሲም ስታስገቡ «ቁጥርሽን ልቀይር?» ብሎ ይጠይቃል። እንቢ በሉት። በአዲስ አበባ ቁጥራችሁ እንደተከፈተ ይቀጥላል፣ የሲሙ ጉዳይ አያገባውም። ቴሌግራምም እንዲሁ ነው፣ ብቻ ዘግታችሁ አትውጡ፤ ከወጣችሁ ሊያስገባችሁ ኮድ የሚልከው ወደዚያው ቁጥር ነው።

አራተኛው ሊበላን የነበረ ነው። እማዬ ላይ አንድ ቴክስት መጣ። ይህን ያህል ሽልንግ ተልኮልሻል ይላል፣ ኤም-ፔሳ የሚልከውን ይመስላል። ቀጥሎ አንድ ሰው ደወለ፣ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ እየቀላቀለ በስህተት ነው የላኩልሽ፣ መልሺልኝ ይላል፤ ድምፁ ሊያለቅስ ነው። እማዬ አንጀቷ ተላወሰ፣ ልትልክ ነበር። አክስቴ ስልኩን ተቀብላ ዘጋችው። እውነተኛው ቴክስት የሚመጣው ኤም-ፔሳ ከሚል ስም ነው፣ ይሄ ከተራ ስልክ ቁጥር ነው የመጣው። ቀሪ ሒሳቧን አየን፤ ምንም አልገባም። እናንተ ራሳችሁ በስህተት ለሌላ ሰው ከላካችሁ ደግሞ የመጣላችሁን ቴክስት ወደ 456 አስተላልፉ፣ ሰውዬው ካላወጣው ይመለሳል። ለማያውቁት ሰው መልሶ መላክ ግን የለም።

አሁን «ሌላው የኬንያ ስልክ ኩባንያ፣ ኤርቴልስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አክስቴ ሁለቱንም ነው የምትይዘው። የኤርቴሉ ሲሟ የድሮው ኬንሴል ነው፤ ኬንሴል ሆነ፣ ሴልቴል ሆነ፣ ዜይን ሆነ፣ ከዚያ ኤርቴል። «አራት ስም ቀየረ፣ ቁጥሬ ያው ነው፣ እኔም ያው ነኝ» ትላለች። ለዳታ በኤርቴል ትጠቀማለች፣ ርካሽ ነው ብላ። ኤርቴል መኒ የሚባል የራሱ የገንዘብ ቦርሳም አለው። ግን ገበያ ስትወጣ የምታወጣው የሳፋሪኮሙን ስልክ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚጠይቃት ኤም-ፔሳ ነው። ወር ሁለት ወር ለሚቀመጥ፣ ልጆቹ ዩቲዩብ ለሚያዩ ሰው ሁለቱን መያዝ ያዋጣል። ለአሥር ቀን ሁለት ሲም ማስተዳደር እኔ አልችልም። በመኪና ወደ ሞያሌ በኢሲዮሎና በማርሳቢት ለምትመለሱ ደግሞ ከከተማ ሲወጣ የሳፋሪኮም ኔትወርክ ይሻላል፣ መንገዱን የሚያውቁት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሉት።

ሌሊት ለምትደርሱ ኤርፖርት ላይ መግዛት አይከፋም፣ በጨለማ ከተማ ገብቶ ሱቅ ከመፈለግ ይሻላል። ብቻ የሲሙን ዋጋና የፓኬጁን ዋጋ ለየብቻ አስነግሩ። አንድ ላይ ጠቅልለው ሲነግሯችሁ ሁልጊዜ ይበዛል። በዚያው ኤም-ፔሳውንም አስከፍቱ፣ «በኋላ ትከፍቻለሽ» ካሏችሁ በኋላ ሌላ ወረፋ ነው።

በዚያውም ሲሙ ባይሆንም ልንገራችሁ፤ በርበሬና ድርቆሽ የምትይዙ በፌስታል አትጠቅልሉ። ኬንያ ፌስታል ከ2009 ነሐሴ ጀምሮ ክልክል ነው። እማዬ ሦስት ፌስታል በርበሬ በጨርቅ ከረጢት ያዛወረችው አክስቴ ቀድማ ስለደወለች ነው።

የመጨረሻው ቀን ላይ ደርሰናል። ኤም-ፔሳ ውስጥ የቀረውን ማውጣት አለባችሁ፤ አዲስ አበባ መጥታችሁ አታወጡትም። ለኤርፖርት ቀን አታቆዩት። እኔ ወደ ታክሲው ስንወጣ ነው ያስታወስኩት። የመጀመሪያው ኤጀንት ጥሬ ብር የለኝም አለ። ሁለተኛው ምሳ ሄዷል። ሦስተኛዋ ያቺው ከፍርግርግ ኋላ ያለችው ናት፣ 2,400 ሽልንግ ሰጠችኝ፣ 29 ተቆረጠ። የእማዬን ግን ማውጣት አልተቻለም፣ ምክንያቱም እማዬ አልቀበልም አለች። የታክሲውን ሒሳብ በራሷ ስልክ ልትከፍል ነው። ሹፌሩ ኤርፖርት ሲያወርደን ቁጥሩን ነገራት፣ መነጽሯን አደረገች፣ ስሙን አነበበችለት፣ ላከች፣ ቆማ ጠበቀች። ጮኸ።

ሲሞቹን በፓስፖርታችን ሽፋን ውስጥ በስኮች ለጥፈናቸዋል። ለብዙ ወር ካልተነካ ቁጥሩ ይዘጋል፣ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ እሱን አውቃለሁ። የእማዬ ላይ 37 ሽልንግ አለ። «ለበቆሎ» ትላለች።